ሾላይ ወይስ ማዘር ኢንዲያ? ፍላሽ ከማስጫናችሁ በፊት

አዲስ አበባ ዳር ያለው ቤቴ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ከሥራ የሚደረሰው ሲመሽ ነው። የታክሲ ሰልፍ፣ የመንገድ ጭንቅንቅ፣ ከዚያ አራተኛ ፎቅ በእግር። ስለዚህ የድሮ ፊልም አስጭኜ ሲያስጠላኝ ከብሩ ይልቅ የሚቆጨኝ የቅዳሜ ማታዬ ነው። ብዙ ቅዳሜ አቃጥያለሁ። እናንተ እንዳታቃጥሉ የማስበውን ልንገራችሁ። ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው።

ከህንድ እንጀምር፤ ቤታችንን የሚያከራክረው እሱ ነው። ሾላይ (1975) ወይስ ማዘር ኢንዲያ (1957)? በልጅነቴ ቪዲዮ ቤት አግዳሚ ላይ ተጣብቄ ሾላይን ያየሁ ሰው ስለሆንኩ፣ ጥያቄው ራሱ ያናድደኝ ነበር። በቅርቡ ሁለቱንም ደግሜ አየኋቸው። ሾላይ አሁንም ይይዛል። አሚታብ ባቻን መወሰን ሲያቅተው ሳንቲም ይወረውራል፤ አደራ ያቺን ሳንቲም ልብ በሏት። የሽፍቶቹ አለቃ ጋባር ሲንግ ቋጥኝ ላይ ቀበቶውን እየጎተተ ሲመላለስ ዛሬም ያስፈራል። ግን ፊልሙ ከሦስት ሰዓት በላይ ነው። የእስር ቤቱ ቀልድ ተቆርጦ ቢወጣ ደግሞ እኔ በበኩሌ አይናፍቀኝም። መጨረሻውም ሁለት ዓይነት ነው። የመጀመሪያውን የህንድ ሳንሱር ስላልፈቀደው፣ ያኔ ሲኒማ ቤት የገባው ፖሊስ ደርሶ የሚገላግልበት ነው። ካገኛችሁ ያልተቀየረውን አስጭኑ።

ማዘር ኢንዲያን የፈረደችለት እናቴ ናት። አራጣ አበዳሪው የገበሬዎቹን እህል ሲወስድ «ይኼንን ሰውዬማ አውቀዋለሁ» አለች። የእናቲቱን ቦታ የምትጫወተው ናርጊስ ማረሻውን ራሷ መጎተት ስትጀምር ደግሞ ጀበናው ከሰሉ ላይ ገነፈለ። ዞር ብላም አላየችው። ዘፈኑ ይበዛል፣ ለቅሶውም እንደዚያው። የልጇን ቦታ የሚጫወተው ሱኒል ደት በቀረጻው ጊዜ ከእሳት አድኗት፣ በኋላ ተጋቡ። ይህን ስነግራት እናቴ «ልጇ አይደል እንዴ!» ብላ ጮኸች። በአጭሩ፣ ከጓደኛ ጋር ከሆናችሁ ሾላይ፣ ከእናት ጋር ከሆናችሁ ማዘር ኢንዲያ።

አክሽን ላይ ብዙ አልቆይም። ኮማንዶ (1985) አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ነው፤ መብራት ብልጭ ድርግም በሚልበት ማታ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሳቁበት እንጂ አትመኑት። ኢንተር ዘ ድራገን (1973) ግን ሌላ ነው። ብሩስ ሊ ፊልሙ ሳይወጣ በዚያው ዓመት አረፈ። የመስታወት ክፍሉ ውስጥ የቱ ሰው፣ የቱ ምስሉ እንደሆነ ሲጠፋበት እኔም አብሬ ይጠፋኛል። ከሁለቱ እሱን።

ታይታኒክ (1997)? 11 ኦስካር ወስዷል፤ መርከቡ ሲሰጥምም የእውነት ያስጨንቃል። እዚያ እስኪደረስ ግን ትዕግስት ይጠይቃል። ከአባታችሁ ጋር ደግሞ በፍጹም አትዩት። ልጅቷ ራቁቷን የምትሳልበት ቦታ ሲደርስ አባቴ ውሃ ሊጠጣ ተነሳ፤ እኔ ሪሞት ፈለግኩ፤ እህቴ ስልኳን አየች።

የኛን ካላችሁ የኃይሌ ገሪማ ሁለት ፊልሞች አሉ። ምርት ሦስት ሺህ ዓመት (1976) ጥቁርና ነጭ ነው፤ ዝግ ብሎ ይሄዳል። ጭሰኛው ሲለፋ በጥድፊያ አያልፈውም፤ እናንተንም ያደክማችኋል። ደክሞኝ ከሥራ በገባሁበት ማታ ከፍቼው ተኛሁ። እሁድ ጠዋት ስከፍተው ግን ከወንበሬ አልተነሳሁም። ጤዛ (2008) ለመጀመር ይሻላል። ጀርመን ተምሮ የተመለሰው አንበርብር መንደሩ ገብቶ ሰላም ሲያጣ ያሳያል። ቬኒስ ላይ የዳኞች ልዩ ሽልማት አግኝቷል። ታሪኩ ወደ ኋላና ወደ ፊት ስለሚሄድ መሃል ላይ ቡና ላፍላ ብላችሁ ከተነሳችሁ ትጠፋላችሁ። አንዱን ብቻ ግዛ ብባል እሱን እገዛለሁ።

ስታስጭኑ ሁለት ነገር አትርሱ። ፍላሹ ፋት 32 (FAT32) በሚባለው የፋይል አቀማመጥ ፎርማት የተደረገ ከሆነ 4 ጊጋ የሚሞላ ፋይል አይቀበልም፤ ጥራት ያለው ሾላይ እዚያ ላይ ይቀራል። ሰብታይትሉም ለብቻው ፋይል ከሆነ ስሙ ከፊልሙ ስም ጋር አንድ ይሁን፤ እዚያው ሱቁ ቲቪ ላይ አስሞክሩ። እኔ ሳላስሞክር ሄጄ የጤዛን ጀርመንኛ በግምት ነው ያየሁት።