የጃቫ 11 ቱአሬይ ሜተድ፦ ከካስት የገላገለን፣ ግን ያልተሟላ

እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2018 ከወጣው ጃቫ 11 (የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋው ስሪት) ጋር የመጣው፣ ሊስትን (የነገሮች ዝርዝርን) ወደ አሬይ (ርዝመቱ ቋሚ ወደሆነ ረድፍ) የሚቀይረው አዲሱ የቱአሬይ ሜተድ (ተጠርቶ ሥራ የሚሠራ የኮድ ክፍል) ብዙ አልተወራለትም፤ እኔ ግን በየዕለቱ ከምጠቀምባቸው ማሻሻያዎች ሁሉ አብልጬ እወደዋለሁ።

ዋጋውን ያወቅሁት ከመምጣቱ በፊት በደረሰብኝ ችግር ነው። ለአንድ ድርጅት በሠራነው የደመወዝ ፕሮግራም ውስጥ የሠራተኞችን ስም ከሊስት ወደ አሬይ ለመቀየር፣ ምንም የማይቀበለውን የጥንቱን ቱአሬይ ጠርቼ ውጤቱን ወደ ስትሪንግ (የጽሑፍ) አሬይ ካስት አድርጌ (ዓይነቱ ይህ ነው ብዬ በኮዱ አውጄ) ነበር። ኮዱ ያለ አንዳች ማስጠንቀቂያ ኮምፓይል ሆነ (ለመሄድ ወደሚችል መልክ ተተረጎመ)፤ በክፍያው ዕለት ግን ክላስ ካስት ኤክሴፕሽን (ካስት የተደረገው ዓይነት አለመግጠሙን የሚናገር ስህተት) ጥሎ ቆመ። በሊስቱ ውስጥ ያሉት ሁሉ ስትሪንግ ቢሆኑም፣ የተመለሰው አሬይ ራሱ ሲፈጠር የኦብጀክት (ማንኛውንም ነገር የሚይዝ) አሬይ ነበር፤ ጀነሪክስ (ሊስቱ የሚይዘውን ዓይነት የሚገልጸው መረጃ) ኮምፓይል ከተደረገ በኋላ ስለሚጠፋ ሊስቱ ምን ዓይነት አሬይ መፍጠር እንዳለበት የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ካስት ደግሞ የአሬዩን ዓይነት ይፈትሻል እንጂ አይለውጥም።

የቀድሞው መፍትሔ ዓይነቱ የታወቀ አሬይ አዘጋጅቶ መስጠት ነበር። ይህም ይሠራል፤ ሆኖም ለሰባት ስሞች አሥር ቦታ ያለው አሬይ ከሰጡት ያንኑ ሞልቶ ይመልሳል፣ ከሰባተኛው ስም ቀጥሎም ናል (ባዶ መሆኑን የሚያሳይ እሴት) ያስቀምጣል። አዲሱን ሜተድ «ስሞች.ቱአሬይ(ስትሪንግ[]::ኒው)» ብለው፣ ማለትም አዲስ የስትሪንግ አሬይ መፍጠሪያውን ሰጥተው ሲጠሩት ግን በልኩ የተሠራ የስትሪንግ አሬይ ይሰጣል፤ ካስትም ሆነ ትርፍ ናል አይኖርም። በውስጡ የሚሠራው ሥራ ዜሮ ርዝመት ያለው አሬይ አስፈጥሮ ለቀድሞው ሜተድ ማቀበል ብቻ መሆኑ ይበልጥ አስደስቶኛል።

ጉድለቱ ግን ቀላል አይደለም። በስትሪንግ ሊስት ላይ «ኢንቲጀር[]::ኒው» (የሙሉ ቁጥር አሬይ) ብለው ቢጽፉ ኮምፓይለሩ ዝም ብሎ ያሳልፋል፤ ፕሮግራሙ ሲሄድ አሬይ ስቶር ኤክሴፕሽን (አሬዩ የማይቀበለው ዓይነት ሲገባበት የሚመጣ ስህተት) ይመጣል፤ የአሬዩ ዓይነት ከሊስቱ ዓይነት ጋር በሕግ አልተሳሰረምና። ስለዚህ በዚያ መስመር ላይ የሁለቱን ዓይነት በዓይን ማመሳከር የጸሐፊው ኃላፊነት ሆኖ ቀርቷል፤ ለእኔ ትልቁ ቅሬታዬም ይኸው ነው። የኢንቲጀር ሊስትን ወደ ተራ ኢንት አሬይ ለመለወጥም ይህ ሜተድ አይረዳም፤ በስትሪም (የሊስቱን አባላት አንድ በአንድ በሚያሳልፍ መንገድ) በኩል «ማፕቱኢንት» መጥራት ያስፈልጋል።

ጃቫ 8 ላይ ያሉ ባልደረቦችም ሊስቱን ወደ ስትሪም ከቀየሩ በኋላ ያንኑ «ስትሪንግ[]::ኒው» ለስትሪሙ ቱአሬይ በመስጠት ተመሳሳይ ውጤት ያገኛሉ።