ፍሎፒ ድራይቭ የሚያጸዳልን ወንድማችን እጁ ይባረክ (ጅማ ላላችሁ የጥልፍ ማሽን ባለቤቶች)

ሄርማታ በኩል ኤሌክትሮኒክስ የሚጠግን አንድ ወንድማችንን በአደባባይ ማመስገን እንፈልጋለን። በቆዩት የኮምፒውተር ጥልፍ ማሽኖች ላይ የቀሚሱ ዲዛይን የሚገባው በፍሎፒ (በአራት ማዕዘኗ ስስ ዲስክ) ነው። ዲስኩን የሚያነበው ድራይቭ አላነብም ሲል ብዙ ቦታ የሚሰጠው መልስ «ይቀየር» የሚል ነው። እሱ ግን ያጸዳዋል፣ ያውም በአግባቡ።

ድራይቩን ከመንካቱ በፊት ዲስኩን ያያል። የቆርቆሮ መዝጊያውን በጣቱ ገፋ አድርጎ ስሱን ፊልም በብርሃን ላይ ቀስ እያለ ያዞረዋል። ነጭ ነጠብጣብ ካለ ሻጋታ ነው፤ በጅማ ክረምት የት ይቀራል! ሄድ የምንለው ማንበቢያ ፍሎፒ ላይ ፊልሙን እየነካ ነው የሚሠራው፤ እንደ ሃርድ ዲስክ ከፍ ብሎ አይንሳፈፍም። ዲስኩ በደቂቃ 300 ጊዜ ሲዞር ሻጋታው ማንበቢያው ላይ ይጋገራል፣ ቀጥሎ የሚገባውን ደህና ዲስክም ክብ አድርጎ ይቧጭረዋል። ስለዚህ እባካችሁ፣ አንዱ አልነበብ ሲል ሌላ እያስገባችሁ አትሞክሩ። ሶኒ እንኳ ፍሎፒ መሸጥ ያቆመው በ2011 እ.ኤ.አ. ነው፤ የተቧጨረ ዲስክ ምትክ በቀላሉ አይገኝም።

ማሽኑ ከመብራት ተነቅሎ፣ የገመዶቹ አሰካክ ፎቶ ተነስቶ ክዳኑ ይፈታል። አቧራው በለስላሳ ብሩሽ ይወጣል። ማንበቢያዎቹን የሚጠርገው ክር በማይለቅ የስፖንጅ ጫፍ ነው፤ ጥጥ ክሩ ይያዝና ይቀራል። አልኮሉ 99 ከመቶ አይሶፕሮፒል ሲሆን ሁለት ጠብታ ይበቃል። የእጅ ሳኒታይዘር ግን በፍጹም! ግሊሰሪን ስላለው ሲደርቅ የሚያጣብቅ ነገር ይተዋል።

እጁን የምናደንቀው እዚህ ላይ ነው፦ የላይኛውን ማንበቢያ የተሸከመውን ክንድ የስፖንጁ ጫፍ እንዲገባ ያህል ብቻ ነው የሚያነሳው። ክንዱን የያዘችው ስስ ብረት ከታጠፈች የላይና የታቹ ማንበቢያ መግጠማቸው ይቀራል፤ ያኔ ድራይቩ አበቃለት።

ቀጥሎ ማንበቢያውን ወደፊትና ወደኋላ የሚወስደው ጥርሳም ዘንግ አለ። የ3.5 ኢንች ዲስክ 80 ትራኮች (መረጃው የሚጻፍባቸው ክብ መስመሮች) አንድ ሳንቲ ሜትር ተኩል በምትሆን ስፋት ውስጥ ተደርድረው ነው ያሉት፤ የደረቀ ግራሶ ትንሽ ቢይዘው ትራኩን ይስታል፣ «ጠር ጠር» የሚለው ድምፅም ይመጣል። አሮጌውን ግራሶ በአልኮል ጠርጎ አዲሱን በመርፌ ጫፍ ያህል ይቀባል። ዘይት አያርከፈክፍም።

ሲገጥም 34 ሽቦ ያለውን ጠፍጣፋ ኬብል አቅጣጫ ያረጋግጣል። ከተገለበጠ የድራይቩ መብራት በርቶ ይቀራል፤ ይህን አይቶ «ተቃጥሏል» የሚል ጠጋኝ አለ። ሙከራውን የሚጀምረው በሚጣል ዲስክ ነው። የእናንተ ዲስክ የሚገባው ያ በደንብ ከተነበበ በኋላ፣ ምንም እንዳይጻፍበት የመጻፊያ መከላከያዋ ቀዳዳ ተከፍታ ነው። ከዚያ ዲዛይኖቹን በኮምፒውተር ወደ ፍላሽ ይገለብጥላችኋል።

ክንዱ ቀድሞ የታጠፈ ከሆነ አይሆንም ብሎ ይመልሳችኋል፤ ገንዘብም አይቀበልም። አድራሻውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጠይቁን። ስትሄዱ ድራይቩን ብቻ ሳይሆን አልነበብ ያለውንም ዲስክ ይዛችሁ ሂዱ።