የደጋፊ ልብስ ለጂሲ ዋንጫ፦ ደብረ ብርሃን ላይ ቲሸርት ብቻውን አያዋጣም

የደብረ ብርሃን ማተሚያ ቤቶች ለዩኒቨርሲቲው የጂሲ (የተመራቂ ተማሪዎች) ዋንጫም ሆነ ለዲፓርትመንት ውድድር የሚያቀርቡት የደጋፊ ልብስ ያው ነው፦ ክብ አንገት ቲሸርት፣ ደረቱ ላይ የዲፓርትመንቱ ስም፣ ጀርባው ላይ የባቹ ዓመት። የእጅ ሥራቸው አይታማም። ችግሩ የከተማው ብርድ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ፣ ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሳ ያ ሁሉ መዋጮ የፈሰሰበት ቀለም ጃኬት ሥር ይገባል። ከሜዳው ማዶ የሚታየው ጥቁርና ግራጫ ብቻ ይሆናል። አዳማ ላይ ያማረ ትእዛዝ እዚህ እንዳለ ሲደገም የማያምረው ለዚህ ነው።

ቲሸርት የግድ ከሆነ ከጃኬት በላይ እንዲለበስ አስቡት። ኤም የሚለብሰው ኤክስ ኤል ይውሰድ። ለ100 ሰው ኤል 25፣ ኤክስ ኤል 45፣ ደብል ኤክስ ኤል 30 ብታዙ ብዙም አትሳሳቱም። ጨርቁ በካሬ ሜትር ከ160 እስከ 180 ግራም የሚመዝን ኮተን ይሁን። ከዚያ የሳሳው፣ በተለይ ቢጫው፣ ወፍራም ልብስ ላይ ሲወጠር የውስጡን ቀለም ያሳያል።

ዋናው ጣጣ ያለው ህትመቱ ላይ ነው። ከ50 በላይ ለሆነና ባለ አንድ ቀለም ጽሑፍ ስክሪን ፕሪንትን (ቀለም በፍሬም ላይ በተወጠረ ወንፊት ጨርቅ እየተጫነ የሚታተምበትን) የሚያህል የለም። ለእያንዳንዱ ቀለም የራሱ ፍሬም ስለሚሠራ፣ ሎጎው አራት ቀለም ካለው ዋጋው ይንራል፤ አንድ ቀለም አድርጉት። በጥቁር ወይም በደማቅ ጨርቅ ላይ ውሃ ነክ ቀለም ደብዝዞ ስለሚቀር፣ ከሥር ነጭ እንዲመታለት ወይም በፕላስቲሶል (ፕላስቲክነት ባለው ወፍራም ቀለም) እንዲታተም ጠይቁ። ፕላስቲሶል ደግሞ በአየር አይደርቅም። ቀለሙ ራሱ ወደ 160 ዲግሪ ካልደረሰ ላዩ ደርቆ ውስጡ ጥሬ ይሆናል፤ መብራት መሃል ላይ ሲጠፋ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው እዚህ ጋ ነው። ስትረከቡ ከየክምሩ መሃል አንድ አንድ አውጡና ህትመቱን በሁለት እጅ ሳቡት፤ ከተሰነጣጠቀ ወደ ሙቀቱ ይመለስ። ውሃ ነክ ቀለም በሰኔ እርጥበት ቀስ ብሎ ስለሚደርቅ፣ ለነገ አድርሱልን ብላችሁ ካጣደፋችኋቸው አንዱ በሌላው ላይ ተደራርቦ የፊተኛው ጽሑፍ በኋለኛው ጀርባ ላይ ታትሞ ይመጣል። ቢያንስ 10 ቀን ቀደም ብላችሁ እዘዙ።

ሰብሊሜሽን (ከወረቀት ላይ በሙቀት ወደ ጨርቁ የሚተላለፍ ህትመት) የሚያምረው ነጭ ወይም ፈዛዛ ፖሊስተር ላይ ብቻ ነው፤ 200 ዲግሪ ገደማ ላይ ከ45 እስከ 60 ሰከንድ ይጫናል። ኮተን ላይ ይሠራል የሚላችሁን አትመኑ፤ በመጀመሪያው እጥበት ይሄዳል። ቀይ ፖሊስተር ላይ ነጭ ጽሑፍ በሂት ፕሬስ (በሙቀት መጫኛ ማሽን) የሚያስመቱም አሉ፤ ሙቀቱ የጨርቁን ቀለም ወደ ላይ ስለሚያወጣው ነጩ ሮዝ ይሆናል።

ምርጫው የእኛ ቢሆን ገንዘቡ ወደ አንገትና ወደ ራስ ይሂድ። ስካርፍና የሹራብ ኮፍያ ከጃኬት በላይ ስለሚውሉ አይደበቁም፣ ቁጥር አይጠይቁም፣ ብርዱም ራሱ እንዲለበሱ ያስገድዳል። የበግ ፀጉርና የብርድ ልብስ ፋብሪካ ባለበት ከተማ ሹራብ የሚሠራ ሰው አይጠፋም፤ የእጅ ሥራው ግን ጊዜ ስለሚፈልግ ለ20 እና ለ30 ሰው እንጂ ለ200 አይሆንም። ለብዙ ሰው ጨርቅ መቁረጥ ይሻላል። 1 ሜትር ከ50 ስፋት ያለው ጨርቅ በየ18 ሳንቲ ሜትሩ ሲቆረጥ ከ3 ሜትር 16 ስካርፍ ይወጣል፤ ለ100 ሰው 19 ሜትር በቂ ነው። ለስላሳ ብርድ ልብስ የሚሠራበት ዓይነት ከሆነ ጠርዙ አይተረተርም፤ ኮተን ከሆነ ልብስ ሰፊው ኦቨርሎክ (የጠርዝ ስፌት) ያድርግበት። ጽሑፍ ባይኖረውም ግድ የለም፤ ከሩቅ የሚታየው ቀለሙ እንጂ ፊደሉ አይደለም።

ቀለሙን በተመለከተ ሁለት አትቀላቅሉ። ነጭ ደግሞ ያጓጓል፤ ጋቢው ከየቤቱ ስለሚመጣ ማሳተሚያም አይጠይቅ። ነገር ግን ተጋጣሚያችሁም፣ ለማየት ብቻ የመጣውም ጋቢ ለብሶ ስለሚቀመጥ ማን የማን ደጋፊ እንደሆነ አይለይም። ሁለት ሦስት ቀለም የግድ ከሆነ በመቀመጫ ይከፈል። እ.ኤ.አ. መስከረም 22 ቀን 2001 አሜሪካ ውስጥ የቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም ተማሪዎች ካይል ፊልድ ስታዲየምን ቀይ፣ ነጭና ሰማያዊ ያለበሱት እንዲህ ነበር፦ ላይኛው ፎቅ ቀይ፣ መካከለኛው ነጭ፣ ታችኛው ሰማያዊ። አንዱን ቲሸርት በ5 ዶላር ሸጠው 70 ሺህ ያህል አከፋፍለዋል። እዚህ ፎቅ ባይኖርም ግራ፣ መሃልና ቀኝ ማለት ይቻላል።

ብሩን ሬፑ (የክፍሉ ተወካይ) አስቀድሞ በቴሌብር ይሰብስብ፤ “ስታመጡ እከፍላለሁ” ያለውን አትቁጠሩት። ለማተሚያ ቤቱ ቀብድ የሚሰጠው አንድ ናሙና ታይቶና ታጥቦ ነው። ስርጭቱ ዋዜማውን ማታ ዶርም ለዶርም ይሁን፤ ሜዳ በር ላይ የተሰጠ ልብስ ቦርሳ ውስጥ ገብቶ ይቀራል። የለበሱት ከበሮው አጠገብ አንድ ላይ ይቀመጡ፤ ተጠጋግተው የተቀመጡ 60 ሰዎች ከተበታተኑ 200 ይልቅ ጎልተው ይታያሉ።

ፊት መቀባት የሚፈልግ ለፊት የተሠራውን በውሃ የሚለቅ ቀለም ይግዛ። ከማተሚያ ቤት የተረፈው የጨርቅ ቀለም ፊት ላይ አይደረግም፣ ነፃ ቢሰጧችሁም።