ኮቱ የቤቱ ነው፣ ዓሳው ግን ይጣፍጣል

ዓሳው ግሩም ነው። ይህን ቀድሜ ልናገርና ልገላገል፤ ከዚህ በኋላ የምጽፈው በአብዛኛው ስለ ኮት ነውና።

ከብሔራዊ ቴአትር ብዙም ሳይርቅ አንድ ሆቴል ጣሪያው ላይ ሬስቶራንት አለው። ስሙን አልጠራም፤ ሠፈሩን የሚያዘወትር ያውቀዋል። የአክስቴ ልጅ ከመርከብ ለዕረፍት መጥቶ ነበር። ሥራው የቱሪስት መርከብ ላይ አስተናጋጅነት ነው። ወራት ሙሉ ትሪ ተሸክሞ ስለሚከርም፣ አንድ ምሽት እሱም በተራው ቁጭ ብሎ "ምን ልታዘዝ?" መባል አምሮታል።

ደውዬ ቦታ አስያዝኩ። ስለ አለባበስም አልቀረኝም፣ ጠይቄያለሁ። "በንጽህና መልበስ ብቻ ነው እህቴ፣ ቁምጣና ሸበጥ አይሁን እንጂ" አለችኝ ስልክ ያነሳችው ልጅ። እሱም ነጭ ሸሚዝ፣ ጥቁር ሱሪና የተወለወለ ጫማ አድርጎ መጣ። ሸሚዙ ካውያ ከላዩ ላይ አሁን የተነሳ ይመስላል። መርከብ ላይ አለቆቹ ጥፍር ሳይቀር ስለሚያዩ ልጁ በዚህ በኩል አይታማም።

አሳንሰሩ በር ላይ ስንደርስ ግን የቆመው ሰው እጁን ዘረጋ።

"ይቅርታ ጌታዬ፣ ያለ ኮት አይገባም።"

"ስንደውል እንዲህ አልተባልንም" አልኩት።

"መመሪያ ነው።"

በዚህ አገር "መመሪያ ነው" ከተባለ ክርክሩ አለቀ። እኔ ግን አሳየኝ አልኩ። አሳየኝ። በፕላስቲክ የተሸፈነ ኤፎር ወረቀት፣ ታች ማህተም ያለበት። አንድ፣ ቁምጣ። ሁለት፣ ሸበጥ። ሦስት፣ ከውጭ ምግብ ይዞ መግባት። አራተኛው፣ ስለ ኮት የሚለው፣ በእስክሪብቶ የተጨመረ ነው። ቦታ ስላልበቃው ጽሑፉ ማህተሙ ላይ ወጥቷል። ከመቼ ጀምሮ ነው ስለው "ከሰኞ" አለኝ። እኔ የደወልኩት ማክሰኞ ነው።

"ችግር የለም፣ ኮት እናውሳለን" ብሎ ከበሩ ጀርባ ካለው መስቀያ አንዱን አወረደ። ሰማያዊ፣ የወርቅ ቀለም ቁልፍ ያለው፣ ለረጅም ሰው የተሰፋ። የአክስቴ ልጅ ደግሞ ቁመቱ አጠር ያለ ነው። እጅጌው ጣቶቹን ዋጣቸው። ኮቱ የሰው ሽቶና የተቁላላ ሽንኩርት አንድ ላይ ይሸታል። እሱ ሳቀ። እኔ ደሜ ፈላ። እኔን ማንም ምንም አላለኝም፤ መመሪያው ወንዶችን ብቻ ነው የሚመለከተው።

ቁጭ ካልን በኋላ መናደዴን ሲያይ ስለ መርከብ ያወራኝ ጀመር። ብዙ ሰው የቱሪስት መርከብ ሲባል መዋኛና ዳንስ ይመስለዋል፤ እሱ እንደሚለው ግን የመርከብ ጭቅጭቅ ሁሉ የሚጀምረው ከእራት ነው። የድሮው አሠራር ቀላል ነበር። እራት ሁለት ዙር ነው፤ ቀደም ያለውና መሸት ያለው። ጠረጴዛህ አንድ፣ አብረውህ የሚበሉት እነዚያው፣ አስተናጋጅህም ያው። እ.ኤ.አ. በ2000 ኖርዌጂያን ክሩዝ ላይን የሚባለው የመርከብ ኩባንያ "በፈለጋችሁት ሰዓት፣ ከፈለጋችሁት ሰው ጋር ብሉ" የሚል አሠራር አመጣ። ሌሎቹም ስም እየቀየሩ ተከተሉት። ነፃነቱ ሲመጣ ታዲያ ወረፋውና ሪዘርቬሽኑም አብሮ መጣ። ከዋናው አዳራሽ ውጪ ያሉት ስቴክ ቤትና ሱሺ ቤት አብዛኛውን ጊዜ ለብቻ ያስከፍላሉ። ቦታ ይዘህ ከቀረህ የሚቆርጡብህም አሉ። ለብቻ ማስከፈሉ እንኳ የቆየ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1912 የሰመጠችው ታይታኒክም ለአንደኛ መደብ ተሳፋሪዎች ተጨማሪ የሚከፈልበት ሬስቶራንት ነበራት።

"ኮቱስ?" አልኩት።

ኮቱ እየላላ ነው አለኝ። ኩናርድን የመሳሰሉት ኩባንያዎች አሁንም አጥብቀው ይዘውታል። ኩዊን ሜሪ 2 በምትባለው የኩናርድ መርከብ ላይ የጋላ ምሽት ሲሆን ወንዱ ሙሉ ሱፍ ከነክራቫቱ ይለብሳል። ሌሎቹ ደግሞ ሕጉን ቀስ በቀስ አለስልሰውታል። ቨርጂን ቮዬጅስን የመሰሉት መደበኛ የሱፍ ምሽት የሚባል ነገር ከናካቴው የላቸውም። ዋናው ቁም ነገር ግን ሌላ ነው። ኩዊን ሜሪ 2 ላይ እንኳ ሱፍ መልበስ ያልፈለገ ሰው ቡፌው ክፍት ነው፤ እዚያ ሄዶ ይበላል። ሕጉ ደግሞ ትኬት ሳይገዛ በፊት ተጽፎ ይጠብቀዋል። ባሕር መሃል ደርሶ አይነገረውም።

ከዚያ በሩ ላይ ለቆመው ሰውዬ ጠበቃ ሆነ። "ሕግ ሲቀየር የሚሰደበው ካፒቴኑ አይደለም፤ እኔ ነኝ። እኔ ደግሞ አንዳንዴ ከተሳፋሪው እኩል ነው የምሰማው። ተይው፣ ልጁ እንጀራው ነው" አለኝ። እውነቱን ነው። ትንሽ በረድኩ።

በእርግጥ መብረድ ካልኩ አይቀር ቤቱ ራሱ ይበርዳል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል 2,300 ሜትር በላይ ናት። ጣሪያ ላይ ሲወጣ፣ በዚያ ላይ ማታ ሲሆን፣ ነፋሱ ጆሮ ይቆርጣል። የንግድ ባንክ ሕንፃ ከነመብራቱ ከፊታችን ተገትሯል፤ ያምራል፣ ግን አያሞቅም። ሌላ ቦታ እንዲህ ሲሆን ጋቢ ያመጡልሃል። እኔም ጠየቅኩ። የአስተናጋጆቹ አለቃ፣ ካፖው፣ ቅንድቡን ሰቅሎ "ጋቢ ለእዚህ ዓይነት ቤት አይሄድም" አለኝ። በል እንግዲህ። ለሰው ያለበሱት ኮት የማን እንደነበረ አይታወቅም፤ ጋቢ ግን ቤቱን ያዋርዳል! የአክስቴ ልጅ ኮቱን እስከ አንገቱ ቆልፎ ይስቅብኛል።

አሁን ወደ ዓሳው።

ያዘዝነው ጥብስ ቆሮሶ ነው፤ ሙሉውን፣ ከነጭንቅላቱ። ሲመጣ ገና ይንጫጫል። ሁለቱም ጎኑ በቢላ ጠበቅ ጠበቅ ተደርጎ ተተልትሏል። ዘይቱ በየትልትሉ ስለገባ ቀጫጭኑ እሾህ ሁሉ ከሥጋው ጋር ተጠብሶ ይቆረጠማል። ላዩ ኩርሽም ይላል። ከሥር ሥጋው ነጭ ነው፤ በጣት ሲነኩት ተልጦ ይመጣል፤ አልደረቀም። ብዙ ሆቴል ዓሳን እስኪደርቅ ጠብሶ በሎሚ ሊሸፍነው ይሞክራል። እዚህ ሎሚው ለወጉ ነው የመጣው። ዳጣው ደግሞ አረንጓዴ፣ ቃሪያው፣ ነጭ ሽንኩርቱና ዝንጅብሉ ለየብቻ የሚታወቅ፣ በሶብላው ኋላ ላይ የሚመጣ ነው። አንድ ጊዜ ነክቼ ዓይኔ እንባ አቀረረ። እንደገና ነካሁ።

ከሐዋሳው አሞራ ገደል ጋር አላወዳድረውም። እዚያ ዓሳው ከጀልባ ወርዶ ነው የሚጠበሰው፤ ውድድሩ ፍትሐዊ አይሆንም። አዲስ አበባ ውስጥ ግን ከኮሪደር ልማቱ በፊት ፒያሳ የነበረች አንዲት ጠባብ ዓሳ ቤት ከፈረሰች ወዲህ እንዲህ ያለ ቆሮሶ አልበላሁም። የአክስቴ ልጅ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ውሃ ላይ እየኖረ የሚያየው ዓሳ በረዶ ቤት የከረመ ሳልሞን ነው። የሐይቅ ዓሳ ናፍቆት ነበር መሰለኝ፣ ለረጅም ጊዜ አላወራም።

ችግሩ ኮቱ ነው። ሙሉ ዓሳ በሹካ አይበላም። በእጅ ሲበላ ደግሞ እጅጌው አብሮ ይበላል። አንዴ ሰበሰበው፣ ወረደ። ሁለተኛ ሰበሰበው፣ ዳጣው ውስጥ ገባ። የምታስተናግደን ልጅ ይህን አየችና ጠጋ ብላ "ያውልቁትና ወንበሩ ላይ ያድርጉት፣ ካፖው ታች ነው" አለችው። ተባረኪ። አውልቆ፣ ሸሚዙን እስከ ክርኑ ጠቅልሎ፣ ጭንቅላቱን ሳይቀር ለቃቀመው። በዚያች ሰዓት ቤቱን ሁሉ ይቅር ብዬ ነበር። ኮቱንም፣ ማህተሙንም፣ ጋቢውንም።

ካፖው ወጣ።

"ጌታዬ፣ ኮቱን ቢለብሱልን።"

ሊለብስ ሲነሳ አሳንሰሩ ተከፈተና ሦስት ሰዎች ገቡ። ሦስቱም በቁምጣ። አንደኛው ሸበጥ አድርጓል። ካፖው ፈገግ ብሎ ዳር ላይ ያለውን፣ መስኮቱ ጋ ያለውን ጠረጴዛ ሰጣቸው። እነሱስ ስለው "የሆቴሉ እንግዶች ናቸው" አለኝ። ወረቀቱ ላይ ተራ ቁጥር አንድና ሁለት ምን እንደሚል ላስታውሰው ፈልጌ ነበር፤ የአክስቴ ልጅ በዓይኑ ከለከለኝ።

ኋላ ላይ ስናወራ መርከብ ላይም መደብ አለ አለኝ። ኩናርድ ላይ የምትበላበትን አዳራሽ የሚወስነው የተኛህበት ክፍል ዋጋ ነው። "ግን ያንን ስትገዛ ታውቀዋለህ፤ ቁምጣ የለበሰውም ሱፍ የለበሰው ጎን አይቀመጥም" አለ። እኔም የምለው ይህንኑ ነው። ኮት አስለብሱ፣ ክራቫትም ጨምሩ፤ ቤቱ የእናንተ ነው። ነገር ግን ስልክ ላይ ሌላ፣ በር ላይ ሌላ፣ ለፈረንጅ ሌላ አይሁን። አዎ፣ ሦስቱም ፈረንጆች ነበሩ። ይህን ላልጽፈው አስቤ ነበር።

ሂሳቡን እየጠበቅን የአክስቴ ልጅ ብርድ ብሎት እጁን ኮቱ ኪስ ውስጥ ከተተ። አንድ የታጠፈ ደረሰኝ ይዞ ወጣ። የእኛ አይደለም። ከኛ በፊት ኮቱን የለበሰ ሰው የተወው ነው። የዚሁ ቤት፣ የዚሁ ዓሳ፣ ያለፈው ወር ቀን። 850 ብር። የኛ ስንት መጣ? 1,150። እሱ በዚህ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። 10 በመቶ ሰርቪስ፣ በዚያ ላይ 15 በመቶ ቫት ተጨምሮ አንዱ ዓሳ 1,454 ብር ከ75 ሳንቲም ሆነ። ብር በገበያ ዋጋ መመንዘር ከጀመረበት ከሐምሌ 2016 ወዲህ የማይጨምር ነገር እንደሌለ አውቃለሁ፤ ዘይት የምገዛው እኔም ነኝ። በአንድ ወር 300 ብር ግን ምን ዘይት ነው? ደረሰኙ ሌላም ነገር ነገረን። ኮቱ ቢያንስ ከዚያ ቀን ወዲህ አልታጠበም።

ቡና ልናዝዝ ስንል ደግሞ ጠረጴዛው ከ3 ሰዓት ጀምሮ ለሌላ ሰው ተይዟል ተባልን። ይህም በስልክ አልተነገረንም፣ ወረቀቱም ላይ የለም። ምናልባት ለአምስተኛው ተራ ቁጥር ማህተሙ ላይ ቦታ ጠፍቶ ይሆናል።

ለልጅቷ ጉርሻዋን በእጇ ሰጠናት፤ ሰርቪስ ተብሎ የተቆረጠው እሷ ጋ ይድረስ አይድረስ እንጃ። ስትሸኘን ቀስ ብላ የነገረችን ነገር ነው ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያደረገኝ። ምድር ቤት ባለው ካፌ የሚበላውም የሚወጣው ከዚሁ ወጥ ቤት ነው። ለካስ እንደ መርከቧ ቡፌ ያለ ነገር እነሱም ጋ አለ፤ የሚናገር ጠፍቶ እንጂ።

ዓርብ ለምሳ ሄድኩ። ያው ቆሮሶ፣ ያው ዳጣ፣ ሰሃኑ ብቻ ይለያል። 800 ብር ከነቫቱ፣ ሰርቪስ የሚባል የለም። ጎኔ የተቀመጡት አዛውንት ጋቢያቸውን እንደለበሱ የዓሳውን ጭንቅላት ይመጥጣሉ። ጣሪያው ላይ የመውጣት ሐሳብ ያላችሁ፣ ንግድ ባንክን በማታ ማየት ካማራችሁ ውጡ፤ ግን ኮታችሁን ከቤት ይዛችሁ ሂዱ፣ የደወላችሁበትን ቀንና ያነጋገራችሁን ሰው ስምም ያዙ። ዓሳውን ብቻ የፈለገ ምድር ቤት ይግባ። ረቡዕና ዓርብ ፈላጊው ስለሚበዛ ከ6 ሰዓት ተኩል በፊት ድረሱ፤ ትልልቁ ቀድሞ ያልቃል፤ የሚተርፈው ለአንድ ሰው የማይበቃው ነው።