ኖኪያ 6310አይ በቡና ወቅት፦ ከጅማ የተጠቃሚ ልምድ

እሸት ቡና መለቀም ሲጀምር ነው ያገለገለ ኖኪያ 6310አይ የገዛሁት። አሁን ጀንፈሉ (ከነልጣጩ የደረቀው ቡና) ተሸጦ ሊያልቅ ነው፣ ስልኩም ከኪሴ አልወጣም። ከገበሬ ቡና እየገዛ ለሚሰበስብ ሰው ዛሬም የሥራ ስልክ ነው ብዬ አምናለሁ።

ይህ ሞዴል እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣ ነው። በ2001 በወጣው 6310 ላይ የ1900 ባንድ (ተጨማሪ የኔትወርክ ሞገድ) እና ጃቫ (ትንንሽ ፕሮግራም የሚያስኬድ) ተጨምሮበት ነው “አይ” የተባለው። የታሰበው ለነጋዴና ለቢሮ ሰው ነው። ካሜራ የለውም። ስክሪኑ ቀለም የለውም፣ 96 በ65 ፒክስል ብቻ ነው። ብሉቱዝ፣ ኢንፍራሬድና ጂፒአርኤስ (የ2ጂ ዘመን ኢንተርኔት) ግን ያኔውኑ ነበሩት። ክብደቱ 111 ግራም ነው።

በጣም የወደድኩት የስም መዝገቡን ነው። 500 ስም ይይዛል። ትልቁ ጥቅሙ ደግሞ በአንድ ስም ሥር ብዙ ቁጥርና አጭር ማስታወሻ ማስገባት መቻሉ ነው። እኛ ጋ አንድ ሰው ሁለት ሦስት ሲም ይዞ ይዞራል። ሁሉንም በስሙ ሥር እከታለሁ፣ ማስታወሻው ላይ ደግሞ የስንት ፈረሱላ ቀብድ እንደወሰደ እጽፋለሁ። ስደውልለት ሒሳቡ ፊቴ ላይ ነው፣ ደብተር ማገላበጥ ቀረ።

ባትሪውን በተመለከተ ኖኪያ እስከ 17 ቀን ይቆያል ብሎ ነበር። ከስልኩ ጋር የመጣልኝ ግን አብጦ ነበር፣ ሻጩም ሊቀይርልኝ አልፈለገም። መርካቶ ያሉትን የሞባይል ሱቆች አዳርሼ ሌላ አገኘሁ። አሁን አጋሮና ሊሙ ስዞር ሰንብቼ ቻርጅ ሳላደርግ እመለሳለሁ። መብራት ጠፋ አልጠፋ አያሳስበኝም። ቻርጀሩ ወፍራም ፒኑ ነው፣ ብዙ ቤት መሳቢያ ውስጥ አይጠፋም።

ኔትወርኩ 2ጂ ብቻ ነው። ጌራ ጫካ ውስጥ ስማርት ስልኬ ኔትወርክ ሲፈልግ ይሄኛው ይደውላል።

ቴሌብርም ይሠራል፣ በ*127#። አጋሮ ላይ ለአንድ አዛውንት የጀንፈል ገንዘብ የላኩት በዚሁ ነው። ዝርዝሩ ረጅም ስለሆነ ወደታች እየገፉ ማንበብ ያስፈልጋል። ቁጥሩን ቶሎ ካልመለሱለት ይዘጋና እንደገና ከመጀመሪያው ነው። እንደምንም ጨረስኩ። “ኦቦ፣ ገባልዎ?” አልኳቸው። ስልካቸውን ዓይናቸው ድረስ አስጠግተው አዩና “ገብቷል ልጄ፣ ተባረክ” አሉኝ።

ከልብ የሚያሳዝነኝ አማርኛ አለማንበቡ ነው። ባለቤቴ በፊደላችን የጻፈችልኝ መልእክት ባዶ ሳጥን ተደርድሮበት ይመጣል። በአፋን ኦሮሞ፣ በቁቤ (በላቲን ፊደል) የተጻፈው ግን ጥርት ብሎ ይነበባል። ጅማ ላይ ይህ ቀላል ነገር አይደለም፣ አብዛኛው የገበያ መልእክት የሚመጣልኝ በአፋን ኦሮሞ ነው። የቴሌብርንም ዝርዝር ወደ አፋን ኦሮሞ ቀይሬዋለሁ። አማርኛውን ግን ማንም ሊያስተካክልልኝ አልቻለም።

ቴሌግራም የለውም። የቡና ዋጋ ደግሞ ዛሬ የሚሰማው ቴሌግራም ላይ ነው። ስለዚህ ስማርት ስልኬን አልጣልኩም፣ ሱቅ ተቀምጦ ማታ ማታ አየዋለሁ። አንድ ስልክ ብቻ መያዝ ለሚፈልግ ሰው 6310አይን አልመክርም። ሁለተኛ ስልክ ለሚችል፣ ገጠር ለሚዞር፣ ቀኑን ሙሉ ለሚደውል ግን ዓይኔን ሳላሽ እመክራለሁ።

የምትገዙ ከሆነ ባትሪውን ነቅላችሁ እዩ። እብጠት ካለው ዋጋ አስቀንሱ። እያንዳንዱን ቁልፍ ተጫኑ፣ በተለይ ኮከቧንና ሃሽዋን፣ ያለነሱ ቴሌብር አይከፈትም። ሲሙን ከነትልቁ ፍሬሙ አስገቡ። ብዙዎቹ ልባሳቸው ተቀይሮ አዲስ መስለው ነው የሚሸጡት። *#06# ስትሉ የሚወጣው የስልኩ መለያ ቁጥር ከባትሪው ሥር ከተለጠፈው ጋር አንድ ካልሆነ ተዉት።