ወደ ግራ የሚስበኝ አውሮፕላን፦ ከአንድ ጆይስቲክ ጋር ስምንት ወር

በኮምፒውተር ሲሙሌተር፣ ማለትም አውሮፕላን ማብረርን በሚያስመስል ፕሮግራም፣ ነው የማበረው፤ ጆይስቲኩን (በእጅ የሚያዘውን መሪ) የገዛሁት ኪቦርዱ ስላንገሸገሸኝ ነው። የኪቦርድ ቁልፍ ወይ ተጭኗል ወይ አልተጫነም፤ መሃል የለውም። የሴስና 172ን፣ የትንሿን ባለ አንድ ሞተር አውሮፕላን፣ አፍንጫ ትንሽ ቀና ላድርግ ስል ሽቅብ ትሄድብኛለች፣ ልመልሳት ስል ትደፋለች። ማረፉማ አይነሳ። "መጀመሪያ በኪቦርድ ልሞክረውና ከወደድኩት ዕቃ እገዛለሁ" ያላችሁ ካላችሁ፣ እኔም እንደዚያው ብዬ በሁለት ሳምንት ውስጥ ልተወው ምንም አልቀረኝም ነበር። ለሶፍትዌሩ ገንዘብ ማውጣት የግድ አይደለም፣ ፍላይትጊር የሚባለው ሲሙሌተር ነጻ ነው። ያላችሁን መጀመሪያ እጃችሁ ለሚይዘው ነገር አውጡ።

የኔው ከርካሾቹ ወገን ነው። አውራ ጣት በሚደርስበት ቦታ ዙሪያ ገባውን መቃኛ ቁልፍ አለው፤ መቀመጫው ላይ የሞተሩን ኃይል መጨመሪያና መቀነሻ አነስተኛ ማንሻ አለ፤ መያዣው ደግሞ ግራና ቀኝ ይጠመዘዛል። ቁም ነገሩ ይህ መጠምዘዙ ነው። የእግር ፔዳል ለሌለው ሰው የጅራቱን መሪ፣ ማለትም ራደሩን፣ እንደ ልብ የሚያዝበት እሱ ነው። ጀማሪ ሆኜ እንደገና ብገዛ የማይጠመዘዝ ጆይስቲክ ዞር ብዬም አላይ።

መቀመጫው ቀላል ስለሆነ ጠንከር አድርጌ ስስበው አብሮኝ ይነሳ ነበር፤ በሁለቱም ፊት የሚጣበቅ ቴፕ ገላገለኝ። ሌላው የመጀመሪያ ሳምንት ችግር መቁነጥነጡ ነው። ገና ስነካው አውሮፕላኗ ትዘላለች። ሲሙሌተሩ ሴቲንግ ውስጥ ገብቼ ምላሹ መሃል አካባቢ ለዘብ፣ ጥጉ ላይ ጠንከር እንዲል ሳደርገው ግን ሌላ ዕቃ የገዛሁ መሰለኝ።

በአምስተኛው ወር ነገር መጣ። ለመነሳት ስንደረደር አውሮፕላኗ ወደ ግራ መሳብ አበዛች። እኔ ደግሞ ምክንያቱን አንብቤያለሁ፦ አብዛኛው ባለ አንድ ፕሮፔለር አውሮፕላን በሙሉ ኃይል ሲሮጥ፣ ከሞተሩ ዙር በሚመጣው ግፊትና ከፕሮፔለሩ ተጠምዝዞ ጅራቱን በሚመታው አየር የተነሳ አፍንጫው ወደ ግራ ይሄዳል፤ አብራሪው በቀኝ እግሩ ፔዳሉን ይገፋል። ስለዚህ ወደ ቀኝ ጠመዘዝኩ። በሚቀጥለው ሳምንት ይበልጥ ጠመዘዝኩ። እንዲያውም "ይሄ ሲሙሌተር እንዴት እውነቱን ይዞታል!" እያልኩ አደንቅ ነበር። አንድ ቀን ሞተሩን አጥፍቼ፣ አውሮፕላኗን አቁሜ ከውጭ ሳያት፣ ማንም ሳይነካት የጅራቷ መሪ ወደ ግራ ተጣሞ ይንቀጠቀጣል። ወር ሙሉ ፊዚክስ ነው ብዬ የታገልኩት ከጆይስቲኩ ብልሽት ጋር ነበር።

የዕቃውን ስም የማልጠራው ለዚህ ነው፤ በዚህ ደረጃ ያሉ ብዙ ጆይስቲኮች በፖቴንሽዮሜትር ነው የሚሠሩት። እጃችን በተንቀሳቀሰ ቁጥር ውስጡ ያለው መንካኪያ የካርቦን መስመር ላይ እየተፋተገ ይሄዳል፤ ፍትጊያ ባለበት ደግሞ ማለቅ አለ። መስመሩ ሲላጥ ወይም አቧራ ሲገባው ጆይስቲኩ የተሳሳተ ቦታ ይናገራል። ሌላው ዓይነት በ1879 እ.ኤ.አ. ኤድዊን ሆል ባገኘው ክስተት የሚሠራው ሴንሰር ነው፤ የማግኔቱን እንቅስቃሴ ሳይነካው ስለሚያነብ የሚፋተግ ነገር የለም። ውድ ነው፤ ግን ከብዙ ቁልፍና ከሚያብረቀርቅ መብራት ይልቅ ጭማሪ ገንዘብ የሚገባው ለእሱ ይመስለኛል። እኔ መጀመሪያ መያዣውን መሃሉ ላይ እንደገና አስተካክዬ፣ መሃል አካባቢ ያለውን፣ መያዣው ቢነቃነቅም ሲሙሌተሩ የማይሰማበትን ክልል አሰፋሁ። መንቀጥቀጡ ጠፋ፤ ችግሩ፣ የጎን ነፋስ እያለ ሲታረፍ የሚያስፈልገው ጥቃቅን እርማት የሚኖረው እዚያው ክልል ውስጥ ነው።

እናም ፔዳል ገዛሁ። እጅና እግር ሥራ ሲከፋፈሉ ምን ያህል እንደሚቀል ቀድሞ የነገረኝ የለም፤ መያዣውን ወደ ቀኝ ስጠመዝዝ ሳላስበው ክንፉንም አዘነብለው እንደነበር ያወቅኩት ያኔ ነው። ማንም ያልነገረኝ ሌላ ነገር ደግሞ ባለ ጎማ ወንበር ላይ ተቀምጦ ፔዳል መግፋት ወንበሩን ወደ ኋላ መንዳት መሆኑ ነው። የወንበሩን ጎማዎች አሮጌ ጫማዎች ውስጥ ከትቼ ተገላገልኩ። ሲያዩት ያስቃል፣ ግን ይሠራል።

ስለ ትሪም፣ ማለትም መሪውን ሳይዙት አውሮፕላኑ አቋሙን እንዲጠብቅ ስለሚያደርገው ማስተካከያ፣ ቀደም ብሎ ቢገባኝ የእጅ አንጓዬ ያን ያህል ባልታመመ። እውነተኛ አውሮፕላን ላይ መሪውን የሚገፋው አየሩ ነው፤ ትሪሙ ሲስተካከል ግፊቱ ይጠፋል። ጠረጴዛ ላይ ያለው ጆይስቲክ ግን ምንጊዜም ወደ መሃል የሚመልስ ስፕሪንግ ብቻ ነው ያለው። ከፍታዬን ለመጠበቅ ሦስት ወር ሙሉ እየሳብኩ ቆየሁ። አሁን ትሪሙን አውራ ጣቴ ሥር ባለ ቁልፍ ላይ አድርጌዋለሁ፦ አፍንጫውን በእጄ እይዛለሁ፣ ትሪሙን እጨምራለሁ፣ እጄን ቀስ በቀስ አላላለሁ፤ ጆይስቲኩ መሃሉ ሲደርስ አውሮፕላኗ ባለችበት ከቀጠለች በቃ። በ65 ኖት (በሰዓት 120 ኪሎ ሜትር ገደማ) ወደ ማኮብኮቢያው ስወርድ መያዣውን የምነካው በሦስት ጣት ነው።

ዮክ (እንደ መኪና መሪ በሁለት እጅ የሚያዘው) ይሻላል ወይ ለሚል ሰው፦ የምታበሩት ሴስና ወይም ቦይንግ ብቻ ከሆነ ደስ ይላል፣ ኮክፒታቸው ውስጥ ያለው እሱ ነውና። ከ1988 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአገልግሎት ላይ ያለው ኤርባስ ኤ320 ግን የሚበረው በጎን ጆይስቲክ ነው፤ ተዋጊ ጄትም በጆይስቲክ ነው። ዮክ ጠረጴዛውን ግማሽ ይይዛል። እኔ ገና አልፈለግኩትም።

ጆይስቲኩ በስምንተኛ ወሩ ለክንፍና ለአፍንጫ አሁንም ጥሩ ነው። መጠምዘዙን ሴቲንግ ውስጥ ዘግቼዋለሁ፤ ግን ስንደረደር እጄ በልማድ ወደ ቀኝ ያጣምመዋል።