ከሴኡል ቡሳን፦ በኬቲኤክስ ወይስ በአውቶቡስ?

የደቡብ ኮሪያው ፈጣን ባቡር ኬቲኤክስ ከሴኡል ጣቢያ ተነስቶ በ2 ሰዓት ተኩል ግድም መሀል ቡሳን ያደርሳል። መደበኛው ወንበር 59,800 ዎን ነው፤ ለልውውጥ ተማሪ ኪስ ይከብዳል። ትኬቱ ከአንድ ወር በፊት ስለሚከፈት የዓርብ ማታው ቶሎ ያልቃል። ያኔ የቀረው የቁም ትኬት ነው፤ በር አካባቢ ተደግፎ መሄድ።

አውቶቡሱ ረከስ ይላል፣ ግን ከ4 ሰዓት በላይ ይፈጃል። ሲቆርጡ «ኡድንግ» የሚባለውን ደረጃ ይምረጡ፤ በረድፍ 3 ወንበር ብቻ ስላለው እግር ያዘረጋል። መንገድ ላይ ለ15 ደቂቃ ያህል ሲያሳርፍ፣ ከመራቅዎ በፊት የሰሌዳ ቁጥሩን በስልክ ፎቶ ያንሱ። ማረፊያው በተመሳሳይ አውቶቡሶች የተሞላ ነው፤ የራስን ሲፈልጉ ሰዓቱ ያልፋል። ብዙዎች የማያሰሉት ግን መድረሻውን ነው፦ መናኸሪያው ኖፖ፣ የ1ኛው ሜትሮ መስመር ጫፍ ላይ ነው። ከዚያ እስከ ሄኡንዴ ባሕር ዳርቻ ገና አንድ ሰዓት ገደማ ይቀራል። የሴኡሉ የትራንስፖርት መክፈያ ካርድ፣ ቲ-መኒ፣ እዚያም ይሠራል።

ገንዘብ መቆጠብ ካስፈለገ በአውቶቡስ ወርዶ እሁድ በባቡር መመለስ ይሻላል። ብዙ የተማሪ ዶርሞች እኩለ ሌሊት ላይ ዘግተው ንጋት 11 ሰዓት ነው የሚከፍቱት፤ የእሁድ ማታ የመንገድ መጨናነቅ ደጅ ያሳድራል።